አየሁ ያልኩት ውሃ

በደሉ ይህ ነው። አዋሽ ወንዝ ዳር በነበረ አንድ የጥጥ እርሻ፣ የውሃውን ልክ የሚያሳየውን ሰሌዳ ነቅለው ሁለት ስንዝር ዝቅ አድርገው ተከሉት። ሰሌዳው ዝቅ ሲል ውሃው ከፍ ያለ ይመስላል። በዚያ ውሸት እርሻው በበጋ መዝጋት የነበረበትን የቦይ በር ሳይዘጋ ጥጡን አጠጣ። ከታች ያሉት የአፋር ከብቶች ውሃ አለ ተብለው መጥተው ጭቃ ላይ ቀሩ። ይህ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ብዙ ቢሮ ጠይቄ የሚጽፍልኝ ስላጣሁ ራሴ ጻፍኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስህተት ያገኘ ሰው ፊደሉን ያርም፣ ነገሩን ግን አይንካብኝ።

አሁን የምኖረው ሰመራ ከልጅ ልጄ ከሐያት ጋር ነው። ሐያት የተማረችውም የምትሠራውም ውሃ ነው። አምና አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ።

«አያቴ፣ ይኸው የአዋሽ ልክ። አሁን፣ በዚች ደቂቃ ያለው።»

«ማን ወርዶ አየው?»

«ማንም አልወረደም። ምሰሶው ላይ ያለው ዕቃ ራሱ ነው የሚልከው።»

«ምሰሶውን የተከለውስ ማነው?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በሬዲዮም ስለ ወንዝ ሲከራከሩ እሰማለሁ። አገር ከአገር ተኮራርፎ፣ አንዱ ይህን ያህል ልቀቅልኝ ሲል ሌላው ይህ ይበቃሃል ይላል። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ወረቀታቸውም ትልቅ ነው። እኔ የማውቀው ትንሹን ነው፤ አንድ እርሻ፣ አንድ ጎሳ፣ በመካከላቸው አንድ ወንዝ። ትልቁም ሆነ ትንሹ ስምምነት ግን መጨረሻው ጠዋት ወርዶ ውሃውን የሚያይ አንድ ሰው ላይ ያርፋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ያደግሁት አዋሽ ጣቢያ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ከፍቶ ነበር። የባቡር ሠራተኞቹ ልጆች በሚማሩበት ቤት አራት ዓመት ተማርኩና፣ ሱቅ የሚጠብቅ ሲጠፋ አስወጣኝ። ከፊደሉ ይልቅ ቁጥሩ በጀኝ። በኋላ ሰዒድን አገባሁ፤ ሰዒድ የትራክተር ነጂ ነበር። ያኔ በሸለቆው ሁሉ ጥጥ የሚተከልበት ጊዜ ስለሆነ ነጂ ይፈለጋል። ከአዋሽ ቁልቁል በጭነት መኪና የአንድ ቀን መንገድ ወርደን አንድ እርሻ ላይ ተቀጠረ። የእርሻውን ስም አልጠራም። የሰዎቹ ልጆች በሕይወት አሉ፤ እነሱ ምንም አላደረጉም።

እርሻው ከመምጣቱ በፊት ያ መሬት የአፋሮቹ የበጋ ግጦሽ ነበር። ከብት ጥጥ ውስጥ ይገባል፣ ዘበኛ ይተኩሳል፣ ሌሊቱን ቦይ ተንዶ ያድራል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ፣ ፈረንጅ ነበር፣ ነገሩ ሰለቸውና ከሽማግሌዎቹ ጋር ግራር ሥር ተቀመጠ። የተስማሙት አጭር ነው። ሰሌዳው ላይ ቀይ መስመር ተቀባ። ውሃው ከቀዩ መስመር በላይ ከሆነ ለሁሉም ይበቃልና እርሻው በሩን ከፍቶ ያጠጣል። ከቀዩ በታች ከወረደ ግን በሩ ሦስት ቀን ይዘጋል፣ ሦስት ቀን ይከፈታል፤ በተዘጋበት ቀን ወንዙ ሙሉውን ወደ ታች ይወርዳል፣ ከብቱም ከታች መልካው ላይ፣ በወንዙ መሻገሪያ፣ ይጠጣል። አፋሮቹም በፋንታቸው ከብታቸውን ከጥጡ ያርቃሉ። እርሻው በአንድ ገጽ ወረቀት ጻፈውና ወረቀቱን ራሱ ያዘው። አፋሮቹ ወረቀት አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየጠዋቱ የውሃው ነገር እንዲነገራቸው። ግጦሹ ከመልካው የሁለት ቀን መንገድ ነው። ከብት ሁለት ቀን ተነድቶ መጥቶ ውሃ ካጣ የመመለሻ ጉልበት የለውም።

ውሃ ለኪው ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ ቁጥር የሚያነብላቸው ሰው ፈለጉ፤ ሰዒድ «ሚስቴ ቁጥር ታውቃለች» አላቸው። ሴት ለዚህ ሥራ ተቀጥራ አታውቅም። ጋሽ ደምሴ ወንዙ ዳር አቁመውኝ፣ «ስንት ይላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ድገሚ።»

ደገምኩ።

«ለምን አልቀየርሽም? ወንዝ እኮ አይቆምም።»

«አልተቀየረም፣ ምን ላድርግ?»

«ነገ ነይ» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ሰሌዳውን አያምኑም ነበር። ከበሩ በታች፣ ከገደሉ ግርጌ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። እሱ ላይ በመሮ አንድ ጭረት ቀርጸዋል። በየጠዋቱ ሰሌዳው ከተነበበ በኋላ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ድንጋዩን በእጃቸው ይዳብሱና ከጭረቱ እስከ ውሃው ድረስ በስንዝር ይለካሉ። ውሃው ቀዩ መስመር ላይ ሲሆን ከጭረቱ ቁልቁል አምስት ስንዝር ነው። ስንዝሩ ሲበዛ ውሃው ወርዷል ማለት ነው። ሰሌዳውና ድንጋዩ ሲስማሙ ብቻ እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አንሥተው መዝገቡ ላይ እንድጽፍ ይሰጡኛል።

«ሰሌዳ የሰው ሥራ ነው» ይሉ ነበር። «ሰው ተክሎታል፣ ሰው ይነቅለዋል። በተነካ ቁጥር መጀመሪያ ድንጋዩን ጠይቂ።»

ከዚያ ወደ ሁመድ እንሄዳለን። ሁመድ የጎሳው ሰው ነው፤ ያኔ በእኔ ዕድሜ ያለ ጎረምሳ። ጎሳው ለዚህ ሥራ የመረጠው አንድ ጊዜ የሰማውን ቃል ስለማይረሳ ነው። በየጠዋቱ ከግራሩ ሥር ይጠብቀናል። ዳጉ እንዴት እንደሚደረግ የተማርኩት እዚያ ነው። ሁለት ሰው ሲገናኝ ቁጭ ይላል፣ ምን አየህ ምን ሰማህ ይባባላል፤ ያየውን ያየሁት ይላል፣ የሰማውን የሰማሁት ይላል፣ ከማን እንደሰማም ይናገራል። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ «አየሁ» ያለው ሰው ስምም አብሮ ይሄዳል። ሁመድ ይጠይቃል፤

«ውሃው ከመስመሩ በላይ ነው በታች?»

«በላይ ነው።»

«አይታችኋል ወይስ ሰምታችኋል?»

«አይተናል።»

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴን ወባ ይዟቸው መውረድ አልቻሉም። እኔ ሰሌዳውን ከላይ ሆኜ አንብቤ ነበር። ሁመድ ሲጠይቅ ቀድሜ «አይተናል» ልል ስል ክርኔን ያዙኝ።

«ዛሬ አላየንም» አሉት። «ሰሌዳው በላይ ነው ይላል። ከሰሌዳው ነው የሰማነው።»

ሁመድ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። በዚያ ቀን ከብት አልተነዳም። እኔ ተናደድኩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ቁጥሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ! ከብቱ በከንቱ ተጠማ።»

«አንቺ ያየሽው ቀለም ነው» አሉኝ። «አንድ ቀን ቢጠማ አይሞትም።»

የሽማግሌ ግትርነት ነው ብዬ ናቅሁት። እኔ ደግሞ ስናደድ ቶሎ አይበርድልኝም፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። ሻይ ቀድቼ ሳልሰጣቸው ፊታቸው ስጠጣ፣ «ጠጪ፣ ጠጪ፣ ሻዩን እንኳ በዓይንሽ አይተሽዋል» ብለው ሳቁብኝ።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት ማለቂያ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ዘመዶቻቸው ወደ አገራቸው ወሰዷቸው፤ በዓመቱ መሞታቸውን ሰማን። ሥራው ለእኔ ቀረ። ደሞዙም የእሳቸው ግማሽ ሆኖ ቀረ፤ እሱን እዚህ አልተርክም።

በዚያው ክረምት ደራሽ ውሃ ግንድ አምጥቶ ሰሌዳውን ሰበረው። ፈረንጁ ሄዶ ነበር። የመስኖው ኃላፊ አቶ ተክሉ የሚባል ሰው ሆኖ መጣ፤ ወጣት፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ንግግሩ ለስላሳ። ከአዲስ አበባ አዲስ ሰሌዳ አስመጣ። በመስከረም መጨረሻ፣ እኔ አዋሽ ጣቢያ አባቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ሳምንት፣ አስተከለው። ስመለስ ቆሞ አገኘሁት። ነጩ ያበራል፣ ቀዩ መስመር ከሩቅ ይታያል።

«በመሣሪያ ለክተን ነው የተከልነው» አለኝ። «እንግዲህ እንደ ሽማግሌው ጭቃ ውስጥ መንከባለል የለም።»

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። በጥር ሆዴ ገፍቶ ሰባት ወር ሆነኝ፤ ገደሉ ደግሞ ሲወርዱት ያንሸራትታል፣ ሲወጡት ትንፋሽ ያሳጥራል። ሰሌዳው ከላይ ሆኖ ጥርት ብሎ ይነበባል። ድንጋዩን አልጠየቅሁም። ከመስከረም እስከ ጥር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

በዚያ በጋ ውሃው እንደ ወትሮው አልወረደም። ሰሌዳው እንዲያ ነበር የሚለው። በጥር አጋማሽ ላይ ወንዙ መሐል የአሸዋ ጀርባ ብቅ ብሎ አየሁ፤ ሰሌዳውን ሳይ ግን ከቀዩ መስመር አንድ ጣት በላይ ነው። ክረምቱ አሸዋ ቆልሎ ይሆናል አልኩ። ሰው ለማመን የፈለገውን ነገር ምክንያት አያጣለትም።

ሁመድ መጣ።

«ላይ ሳር አልቋል» አለኝ። «ሽማግሌዎቹ እንንዳ ወይስ እንቆይ ይላሉ። ውሃው እንዴት ነው?»

«ከመስመሩ በላይ ነው።»

«አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

ይኸውና የእኔ ነገር። ማንም አላስገደደኝም። አቶ ተክሉ አጠገቤ አልነበረም። ፀሐይ ወጥታለች፣ ወንዙ ከፊቴ ነው፣ ድንጋዩ ከገደሉ ሥር ነው፣ ለመውረድ ሃያ እርምጃ ነው።

«አይቻለሁ» አልኩት።

በአምስተኛው ቀን ብቻውን መጣ። አልተቀመጠም። አፋር ሳይቀመጥ ሲያናግርህ ነገሩ እንዳለቀ ታውቃለህ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም ደርቆበታል።

«መልካው ላይ ውሃ የለም።»

«እንዴት የለም? አይቼው ነው እኮ የነገርኩህ!»

«ጭቃ ነው ያለው። ላሞቹ ገቡ፣ አልወጡም። እናቴ በእግሯ ነበር የመጣችው። ስንመለስ ቀበርኳት።» ከዚያ ፊቴን አየ። «አሚናት፣ ምን ነበር ያየሽው?»

ዞሮ ሄደ።

በመቀመጫዬ ተንሸራትቼ ወረድኩ። ልብሴ ተቀደደ። ድንጋዩን አገኘሁት፣ ጭረቱን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ለካሁ። ሰባት ስንዝር። እጄ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩ፤ ሰባት። ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁ፤ ከቀዩ መስመር አንድ ጣት በላይ። ጋሽ ደምሴ ሦስት ጊዜ ነበር የሚለኩት። ሦስተኛውን መለካት አቃተኝና እዚያው ተቀመጥኩ።

ከገደሉ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። እንደቆሸሽኩ አቶ ተክሉ ቢሮ ገባሁ።

«ሰሌዳው ሁለት ስንዝር ዝቅ ብሏል።»

«በምን ለካሽው?»

«በእጄ። በጋሽ ደምሴ ድንጋይ።»

ፈገግ አለ። «መሐንዲሱ በመሣሪያ ለካ፣ አንቺ በእጅሽ። የትኛውን ልመን?»

«ከብት አልቋል አቶ ተክሉ! ሰው ሞቷል! ስምምነት አለ፣ በሩን ይዝጉልኝ!»

ያን ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። ድምፁን ግን ከፍ አላደረገም። «ስሚ አንቺ ሴትዮ። ጥጡ አሁን ሦስት ቀን ውሃ ካጣ ፍሬው ይረግፋል። እዚህ ስንት መቶ ሠራተኛ እንጀራ እንደሚበላ ታውቂያለሽ? ባልሽንም ጨምሮ። ደግሞ መዝገቡን የጻፈው ማነው? የማን እጅ ነው ያለበት?»

የእኔ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ፣ በእኔ እርሳስ፣ በእኔ ትልልቅ ቁጥር።

ወጣሁ። ቀትር ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ጥላ ውስጥ ይተኛል፣ የበሩ ዘበኛም ጎጆው ውስጥ ነበር። መዘውሩን ያዝኩ። ብረቱ ፀሐይ ውሎበት እጅ ይልጣል፤ ነጠላዬን ጠቀለልኩበት። በሩ በዙር ነው የሚወርደው፤ አንዱ ዙር ጣት የምታህል ዝቅ ያደርገዋል። ሆዴን ከመዘውሩ አሽሽቼ በጎን ቆሜ አዞርኩ። ዞረ። እያረፍኩ፣ እያማተርኩ፣ ቢስሚላህ እያልኩ እስከ መጨረሻው ዘጋሁት። ቦዩ ጸጥ አለ። ወንዙ ወደ ታች ሲሄድ ድምፁ ሲወፍር ሰማሁ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ማታ አካባቢ ቦዩ መድረቁን አይቶ ዘበኛው ሮጦ ከፈተው። በማግስቱ አቶ ተክሉ ዘንድ ሄጄ «እኔ ነኝ የዘጋሁት» አልኩት። የተባረርኩ እንደሆነ እንኳ በሩ የተዘጋበት ምክንያት ይጻፋል ብዬ ነበር።

«አንቺ?» አለና ሆዴን አየ። «ሁለት ወንድ የሚያዞረውን? መዘውሩ ሾልኮ ነው። ዘበኛው እንዲያ ብሎ ጽፏል።»

አላባረረኝም። ወደ ጥጥ መዳመጫው አዛወረኝ። ብናኝ እየዋጥኩ እዚያ ሃያ ምናምን ዓመት ሠራሁ። መንግሥት ተለወጠ፣ እርሻው የመንግሥት ሆነ፣ አቶ ተክሉ ሄደ፤ ሞተም ሲሉ ሰማሁ። ዘበኛውም ሞተ። ሰሌዳው እዚያው እንደቆመ ሌላ ክረምት ወሰደው።

ሁመድ ከዚያ በኋላ ከብት አልነበረውም። በሁለተኛው ዓመት ከእርሻው አረም ነቃዮች ጋር ተሰልፎ አየሁት። ከብቱን የጨረሰበትን ጥጥ ያርማል። በመንገድ ስንገናኝ «ደህና ነሽ?» ይለኛል፣ «ደህና ነኝ» እለዋለሁ፣ ያልፋል። ከሌላው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ዳጉ ሲያወራ አያለሁ። ከእኔ ጋር አንድም ቀን አልተቀመጠም። «ሁመድ፣ ቆይ፣ የምነግርህ አለኝ» ስለው፣ «ሥራ አለኝ» ይላል። ተቆጥቷል፣ ይበርድለታል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ሥራውን ትቶ ወዴት እንደሄደ ጠፋኝ።

ባለፈው ዓመት ሐያት ስልኳን ካሳየችኝ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ማመልከቻ ጻፍኩ። በባጃጅ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። በአንዱ ቢሮ አንድ ትሑት ልጅ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«እናቴ፣ ፈልገናል። ስምምነቱ የሚባለው ወረቀት የለም። የዚያ እርሻ መዝገብም የለም።»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«እርስዎማ አሉ» አለ፤ አፈረ። «ግን መዝገቡ ቢገኝም፣ እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ፣ በእርስዎ እጅ የተጻፈው ውሃው ከመስመሩ በላይ ነው የሚል ነው።»

ልጁ ምንም አላጠፋም። ልክ ነው።

ሁመድ በሕይወት እንዳለና ሰርዶ ከተማ ከልጁ ጋር እንደሚኖር የሰማሁት ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በሚኒባስ ሄድኩ። ሴት ልጁ ለሾፌሮች ሻይ ትሸጣለች። እሱ ከኋላ ጥላው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጢሙ በሒና ቀይ፣ ዓይኑ ያው። አወቀኝ። «አሚናት» አለ፤ ብዙም አልተገረመም። ሳይጋብዘኝ ከፊቱ ቁጭ አልኩ።

«ዳጉ ይዤ መጥቻለሁ» አልኩት። «ያኔ ሰሌዳው ሁለት ስንዝር ዝቅ ተደርጎ ነበር። አቶ ተክሉ ነው ያስደረገው። ድንጋዩን ለክቼ አይቻለሁ። አንተ ስትጠይቀኝ ግን አላየሁም ነበር፤ ሳላይ አየሁ አልኩህ።»

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፤

«ይኼን ሰምተነዋል።»

«ከማን?»

«በዚያው ሳምንት። ሰሌዳውን ሲተክሉ ጉድጓድ የቆፈረው ልጅ የእኛ ነበር። አዲሱ ጉድጓድ ጥልቅ ነው አለ። እኛ የጉድጓዱ መጥለቅ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅንም፤ ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው የገባን። ከዚያ ወሬው ሄደ። ሰሌዳው ዝቅ ብሏል፤ ውሃ የምታየዋ ሴት ሳታይ አየሁ ብላለች። ጭፍራ ከተማ ደርሷል። ከጭፍራም አልፏል። ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተደብቆ የቀረ መስሎኝ እንዲጻፍ የለመንኩትን ነገር፣ ሰው ሁሉ ይዞት ኖሯል። በስሜ ይዞት ኖሯል። አቶ ተክሉ በወሬው ውስጥ የለም፤ ማዘዙን ያየ የለማ። ያለሁት እኔ ነኝ።

ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ። አልተነሣሁም። አንድ የቀረኝ ነገር ነበር።

«ሁመድ፣ በዚያ ቀን በሩን ዘግቼዋለሁ። አንተ ከሄድክ በኋላ፣ በቀትር፣ በራሴ እጅ። ግማሽ ቀን ውሃው ወደ እናንተ ወርዷል። ይኼንንም ሰምታችኋል?»

«አልሰማንም።»

«እሺ፣ አሁን ሰማህ። ከሌላው ጋር ይህንንም አድርስልኝ።»

«ስትዘጊ ማን አየ?»

«ማንም። እኔ ነኝ ያየሁት።»

ሁመድ ወደ መንገዱ ዞረ። የጂቡቲ መኪኖች ያልፋሉ፣ አቧራው ይነሣል፣ ይወርዳል። ሲመልስልኝ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር በወደድኩ።

«አንድ ጊዜ ‹አየሁ› ብለሽን ተቀብለናል፣ አሚናት» አለኝ።